በደጃፍ ሥር የተቀበረው

አብዱናስርን የገደለው መብራት ነው፤ የሞተው ደግሞ ቤቱ መብራት በሌለበት ሰዓት ነው። ኢንስፔክተር ህሩይ ይህን በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጻፈና ሁለት ጊዜ አነበበው። በሠላሳ ዓመት ሥራው ብዙ የማይገጥም ነገር ጽፏል፤ እንዲህ ያለ ግን ጽፎ አያውቅም።

ዕለቱ ዓርብ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ነው። ጭሮ ከተማ ሌሊቱን ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድባት አድሮ፣ ሲነጋ ሰማዩ ምንም እንዳላደረገ ሰው ጥርት ብሏል። ሟቹ አርባ ዓመት ያልሞላው የጫት ነጋዴ ነው። በነዳጅ ሰልፍ ተማሮ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ነጭ መኪና ከገዛ ሁለት ወሩ ነበር። ከሂርና ጫት ይጭንባታል፣ ሚኤሶ ያወርድባታል፣ ማታ ግቢው ሲገባ በቤቱ የውጭ ግድግዳ ላይ ካሰቀለው ቻርጀር ጋር ይሰካታል። አሁን እሷው አጠገብ በጀርባው ተኝቷል። በቀኝ መዳፉ ላይ የመኪናዋ በር እጀታ በቃጠሎ ታትሟል።

"ጫማውስ?" አለ ህሩይ።

ሳጅን ፈርዶሳ ወደ ቧንቧው አመለከተች። ሸበጡ ጎን ለጎን ተቀምጧል። "ለሱብሂ ሶላት ውዱእ አድርጎ፣ የታጠበ እግሩ ሳይደርቅ ነው ወደ መኪናው የመጣው። ምንም አልጠረጠረም።"

የግቢው ጎረቤት ቀረበ። "ጩኸት ሰምቼ ስመጣ መኪናው ይዞታል። በደረቅ እንጨት አላቀቅኩት፤ ከዚያ ሮጬ ቆጣሪው ጋ ብሬከሩን አወረድኩ።"

"መብራት ነበረ?"

"እኔ ቤት ነበረ። እነሱ ቤት ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው።"

ከመብራት መሥሪያ ቤት የመጣው ባለሙያ ምሰሶው ላይ ወጥቶ ወረደ፣ የቻርጀሩን ሳጥን ከፈተ፣ ራሱን ነቀነቀ። ከሳጥኑ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር የማትመሳሰል፣ ጣት የምታክል ቀይ ሽቦ ለህሩይ አሳየው።

"ይቺን ያስገባት ሰው ነው የገደለው" አለ። "ማታ ነፋሱ ወደዚህ ቤት ከሚገቡት ሁለት ሽቦዎች የመመለሻውን በጥሶታል። ስለዚህ አምፖሉ ጠፋ። ኃይል የሚያመጣው ሽቦ ግን አልተበጠሰም። መመለሻ ያጣው ኃይል በዚች ቀይ ሽቦ ዞሮ የመኪናው ብረት ላይ ተቀመጠ። ሰውዬው መብራት ሄዷል ብሎ ነው የነካት።"

"ሽቦዋን ማን ያስገባታል? ለምን?"

"ቻርጀሩ ግራውንድ ሲያጣ ቀይ አብርቶ አልሠራም ይላል። ይቺ እንድትሸነግለው ነው።"

ግራውንድ ማለት መሬት ውስጥ የሚቀበር መዳብ ነው፤ ከመስመሩ ያፈተለከ ኃይል ሰው ላይ ሳይሆን አፈር ውስጥ እንዲገባ። ህሩይ ከሳጥኑ የሚወርደውንና በደጃፉ አጠገብ አፈር ውስጥ የሚገባውን ሽቦ ያዘና ሳብ አደረገው። አንድ ስንዝር ያህሉ ያለ አንዳች ድካም እጁ ላይ መጣ። ቆፈሩ። ምንም የለም።

የሟቹ እናት ዑሙልኸይር ከግድግዳው ሥር ሰሌን ላይ ተቀምጠው፣ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሓውን፣ እየቆጠሩ አንዲት ቃል በኦሮምኛ ይደጋግማሉ።

"ምን እያሉ ነው?" አለ ህሩይ።

"ዘገየሁ ይላሉ" አለች ፈርዶሳ። "ዘገየሁ፣ ዘገየሁ።"

እናት ናቸው፤ ልጃቸው ሲጮኽ ሮጠው አልደረሱም። ለህሩይ የገባው እንደዚያ ነው፣ ማስታወሻውም ላይ አልጻፈውም።

የሟቹ ሚስት ጣሂራ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። "ረቡዕ ቀይ አበራ። ጌዲዮን ጋ ደወለ፣ እሱ ነው የገጠመልን። ማታ አብዱናስር ራሱ ፒንሳ ይዞ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ሳጥኑን ከፈተው። እየነገረው ነው የሠራው። ከዚያ አረንጓዴ ሆነ።"

ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ግራውንድ ያልቀበረ ኤሌክትሪሺያን፣ ጉድለቱ እንዳይታወቅበት በስልክ ሞት ያስተማረ። ህሩይ በዚያው ጠዋት ጌዲዮንን ወሬውን ሰምቶ ከሚኤሶ ሲመለስ ሱቁ በር ላይ ጠበቀውና ሰው ሁሉ እያየ ካቴና አስገባለት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ህሩይ ተረቱን ለሌላ ሰው ሲናገረው ኖሯል።

*

"ቀብሬያለሁ" አለ ጌዲዮን። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጥፍሮቹ ሥር እስካሁን ጥቁር ቴፕ አለ። "ጋሽ ህሩይ፣ እናቴ ትሙት ቀብሬያለሁ።"

"እናትህን ተዋት፣ ውጭ ናት።" ወይዘሮ ሳህሊቱ ከጣቢያው በር ድንጋይ ላይ ምሳ ዕቃ ታቅፈው ተቀምጠዋል። "ምንድን ነው የቀበርከው?"

"የመዳብ ሰሌዳ። ሽቦውን ሦስቴ ጠምጥሜ አሰርኩበት። ከሥሩም ከላዩም ከሰልና ጨው ነሰነስኩ፤ እርጥበት ይይዛል።"

"ምን ያህል ጥልቅ?"

ጌዲዮን አንገቱን ደፋ። "እስከ ጉልበት። ድንጋይ አላስገባ አለኝ። ሌላ ቀን መጥቼ አጠልቀዋለሁ ብዬ ሥራ በዛብኝ።"

"ረቡዕ ሲደውልልህስ?"

"ሚኤሶ ነኝ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ፣ እስከዚያ እንዳትነኳት አልኩት። ቀይዋ የምትዋሽ እንዳይመስልህ አልኩት።"

"ማን ይመሰክርልሃል?"

"እሱ ነበር የሚመሰክረው" አለ ጌዲዮን።

ህሩይ ሲወጣ ሳህሊቱ ተነሡ። ከልጃቸው በስተቀር ሰው የላቸውም፤ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

"ኢንስፔክተር፣ ልጄ ሰነፍ ሊሆን ይችላል። ውሸታም ግን አይደለም።"

"እናያለን" አላቸው። ይህን ቃል ሲናገር የሰዎችን ዓይን ማየት ካቆመ ብዙ ዓመቱ ነው።

*

ቅዳሜ ጠዋት ብቻውን ወደ ሟቹ ግቢ ተመለሰ። ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ነው። በደጃፉ አጠገብ፣ ራሳቸው በቆፈሩት አፈር ጫፍ ላይ፣ ከሥራቸው ደርቀው የቀሩ ሦስት የሽቶ ተክል፣ የሬሃን ችግኞች አየ። ትናንትና አይቷቸው አልፏል። ዝናብ በዘነበ ማግስት ሬሃን ለምን ይደርቃል? ተንበርክኮ አፈሩን በጣቱ ፈተፈተው። የከሰል ፍርፋሪ፣ በመሃሉም ነጫጭ ነገር። ወደ ምላሱ አስጠጋው። ጨው ነው።

ጉልበቱ ላይ እንዳለ ትንሽ ቆየ። ጌዲዮን አልዋሸም። የቀበረውን ሌላ ሰው አውጥቶታል።

የሽቦውን ጫፍ ዳግም ተመለከተው። በፒንሳ የተቆረጠ ሽቦ ጫፉ ልሙጥ ነው፤ ይሄ ግን ደጋግሞ በመጥረቢያ ወይም በማጭድ የተከተከተ ይመስላል። መዳብን ሌባ ይወደዋል። ህሩይ ቀኑን ሙሉ ቁርጥራጭ ብረት የሚገዙትን ሲዞር ዋለ። ማንም ሰሌዳ አላየም።

ማታ የሟቹ የስልክ ጥሪ ዝርዝር ደረሰው። ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጌዲዮን ጋ ደውሏል፣ ሁለት ደቂቃ። ሳጥኑን የከፈተው ግን ማታ ነው። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ የደወለው ለሌላ ሰው ነበር። ለሳቢር።

"ሳቢር ሾፌራቸው ነበር" አለች ፈርዶሳ። "ከወር በፊት ከጭነቱ እየሰረቀ ጫት ይሸጣል ብለው አባረሩት። ቂም ይዟል ይባላል።"

ቂም፣ መዳብ፣ ሽቦ። ህሩይ እሑድ ማለዳ ፈርዶሳን ይዞ ሂርና ወረደ።

ሳቢርን ያገኙት ከመንገዱ ዳር ሚኒባስ ሲያጥብ ነው። ፖሊስ ሲያይ ባልዲውን አስቀምጦ እጁን በሱሪው ጠረገ።

"ስለ አብዱናስር ነው አይደል?"

"ማክሰኞ የት ነበርክ?"

"ቦርደዴ። ሰኞ የሚኒባሱ ሞተር ነክሶ አልንቀሳቀስ ብሎ ሁለት ቀን እዚያው አደርኩ፤ ጋራዡን ጠይቁት።"

"ረቡዕ ማታ ደወለልህ።"

ሳቢር ፊቱ ተለወጠ። "ደወለልኝ። ስሙን ስልኬ ላይ ሳየው ደስ አለኝ፤ ይመልሰኛል ብዬ። መንገድ ላይ ቀይ ሲያበራባችሁ ምን ነበር የምታደርጉት አለኝ። ነገርኩት። አጭር ሽቦ ነው፣ ሾፌር ሁሉ የሚያውቀው ነው። ጫቱ ቅዳሜን አይጠብቅም አለኝ። እውነቱን ነው፣ ጫት ማንን ይጠብቃል?"

"አደገኛ መሆኑን አልነገርከውም?"

"እኔ ላይ ምንም ሆኖ አያውቅማ።" ከዚያ ባልዲውን ደፍቶ ላዩ ላይ ተቀመጠ። "የመጨረሻ ቃሉ አላህ ይስጥህ ነው። እንደገና እደውልልሃለሁ አለኝ።"

ፈርዶሳ ቦርደዴ ደውላ የጋራዡን ባለቤት ጠየቀች። ልክ ነው፤ ሳቢር ማክሰኞም ረቡዕም እዚያው ነበር። ሰሌዳውን ያወጣው እሱ አይደለም።

*

ጣቢያ ሲመለሱ ህሩይ ከመሳቢያው በወረቀት የጠቀለለውን አፈር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። "አንቺ ይሄን አላየሽውም። ከደጃፉ ሥር ነው ያወጣሁት።"

ፈርዶሳ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች።

"ምነው?"

"ምንም።" ፈገግ ለማለት ሞከረች። "ልማድ ሆኖብኝ ነው ኢንስፔክተር። እኛ ሰፈር ጨውና ከሰል ከደጃፍ ሥር ሲወጣ ለጤና ነው አይባልም። ሰው ያስቀበረው ነው ይባላል። ሲሕር፣ መተት።"

"አግኝተሽው ቢሆን ምን ታደርጊ ነበር?"

"እኔ እንጃ። አያቴ ብትሆን ለማንም ትንፍሽ አትልም። ከተወራ ይጠናል ይባላል። በቁርኣን ውሃ ውስጥ ትነክረዋለች፣ ከዚያ ጅረት ሲሞላ..." ንግግሯን አቋረጠች። ሁለቱም ተያዩ።

"ሽቦ ደግሞ ሦስቴ ተጠምጥሞበታል" አለ ህሩይ ቀስ ብሎ።

"እማማ ዑሙልኸይር የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው የመጡት። ሂርና የወለደች ሴት ልጃቸውን ሲያርሱ ሁለት ወር ቆይተው። ቻርጀሩ ሲገጠም አልነበሩም።" ፈርዶሳ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ዘገየሁ ያሉት እኮ..."

*

አሮጊቷ ህሩይን በጓሮው ወዳለው የድንጋይ አጥር ወሰዱት። ሰሌዳውን ሊደብቁት አልፈለጉም። እንዲያውም ፖሊስ ጠይቆ እስኪመጣ የጠበቁ ይመስሉ ነበር። አንገቱ የተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ፣ ውሃው ሥር፣ መዳቡ ከነጥምጥሙ ተኝቷል።

"ሬሃን ተክዬ ደረቀ" አሉ። "ሌላ ተከልኩ፣ እሱም ደረቀ። አፈሩ ምን ሆኗል ብዬ ማክሰኞ ቆፈርኩ። ይሄን አገኘሁ። ኢልመ ኪያ፣ የልጄ ደጃፍ ሥር! ጨው፣ ከሰል፣ የታሰረ ነገር። በማጭድ ቆረጥኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ወንዙ ሲሞላ እጥለዋለሁ አልኩ። ሐሙስ ዘነበ፣ ዓርብ ጠዋት ልጥል ነበር።" ሙስበሓቸውን ጨበጡ። "ዘገየሁ። ቀድሞ ሥራውን ሠርቶ ነበር።"

ህሩይ ጀሪካኑን አየ። የሞተች እናቱ ትዝ አለችው፤ ጸበል የምትረጭ፣ ከደጃፏ ላባ ካገኘች ሳምንት የምትጾም። እሷም ብትሆን ታወጣው ነበር። ማንኛዋም ልጇን የምትወድ ሴት ታወጣው ነበር።

"አንተ ፖሊስ ነህ" አሉት። "ማን እንደቀበረው ፈልግልኝ። ልጄን የገደለ እሱ ነው።"

ፈርዶሳ ህሩይን አየችው። የሚመልሰው ቃል አፉ ላይ ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። አልወጣለትም።

"እፈልጋለሁ እማማ" አለና ጀሪካኑን አነሣ።

በዚያው ቀን ሪፖርቱን ጻፈ። *ሰሌዳው ማንነቱ ባልታወቀ ሰው ተቆርጦ በጅረት ዳር ተጥሎ ተገኝቷል።* ጌዲዮን ይፈታል፣ አሮጊቷ አያውቁም፣ ሌባም የለም፣ የሚጎዳም የለም። ፈርዶሳ አንብባ ወረቀቱን በግንባሩ ደፍታ መለሰችለት። ይህ ቆረቆረው።

*

ሰኞ ጠዋት ጌዲዮን ንብረቱን ፈርሞ ሲረከብ፣ ዑሙልኸይር በጣሂራ ክንድ ተደግፈው ጣቢያ ገቡ። ለቅሶ ላይ ያለች ሴት ከቤት አትወጣም፤ ሁሉም ሰው ተነሥቶ ቆመ። አሮጊቷ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መዳብ አዩት።

"ድንኳን ውስጥ ሰው ያወራል" አሉ። "ኤሌክትሪክ ሠሪው መዳብ በጨው ቀብሬያለሁ ይላል ይላሉ። ልጠይቅ መጣሁ። ይሄ የመብራት ነገር ነው?"

ህሩይ ጣልቃ ገባ። "እማማ፣ ይሄ በጅረት ዳር..."

"አንተን አይደለም የምጠይቅ። አንተ ከኔ እጅ ነው የወሰድከው።" ወደ ጌዲዮን ዞሩ። "ያንተ ነው?"

ጌዲዮን ሰሌዳውን፣ ከዚያ አሮጊቷን አየ። ገና አሁን ገባው። ሦስት ሌሊት ያሰረው፣ ስሙን ያጠፋው ነገር ከፊቱ በጥቁር ነጠላ ውስጥ ቆሟል። ሊክድላቸው እንደፈለገ ህሩይ ከፊቱ አወቀ፤ እሱ ራሱ ያን ፊት ትናንት ለብሶት ውሏል።

"አትዋሸኝ" አሉ ዑሙልኸይር። "ልጄን ምን እንደገደለው ሳላውቅ መሞት አልፈልግም።"

"የኔ ነው" አለ ጌዲዮን። "ሰውን እንዲጠብቅ ነው የተቀበረው። ግን ጥልቅ አድርጌ መቅበር ነበረብኝ። ጥልቅ ቢሆን አያገኙትም ነበር። ደግሞ ለቤቱ ሰው ሁሉ መንገር ነበረብኝ።"

አሮጊቷ ጠረጴዛውን ያዙ። ጣሂራ ልትደግፋቸው ስትል በእጃቸው ከለከሏት። ከዚያ ሙስበሓቸውን ከጣታቸው አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ።

"የእናትየው ልጅ ይሂድ" አሉ፤ በመስኮቱ ከድንጋዩ ላይ የተቀመጡትን ሳህሊቱን እያዩ። "ወረቀቱ ላይም የኔን ስም ጻፍ። ሌላ ሰው አትጻፍ።"

ሲወጡ ሳህሊቱ ተነሥተው መንገድ ለቀቁላቸው። ዑሙልኸይር አላለፉም። የሴትዮዋን እጅ ያዙና እንደዚያው ቆሙ፤ ምን እንደተባባሉ ከውስጥ አልተሰማም።

ህሩይ የመጀመሪያውን ሪፖርት ቀደደው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። እንደ ምሕረት የቆጠረው ውሸቱ የራሱን አፍ እውነቱን ከመናገር ለማትረፍ እንጂ ለእሳቸው እንዳልነበረ አሁን ነው የተረዳው። በሁለተኛው ላይ እውነቱን ጻፈና ለዐቃቤ ሕግ ላከው። ክስ አልተመሠረተም፤ በማን ላይ ይመሠረታል?

*

ከአርባው በኋላ ጣሂራ ንግዱን ያዘች። ሳቢርን ወደ መሪው መለሰችው፤ ለቻርጀሩ ደግሞ ጌዲዮን ጋ ራሷ ደወለች። ህሩይ የዚያን ዕለት በዚያ መንገድ ያለፈው በአጋጣሚ ነው ብሎ ለፈርዶሳ ነግሯታል፤ ፈርዶሳ አላመነችውም።

ጌዲዮን በዲጂኖ ድንጋዩን ፈልጦ ከወገቡ በታች ጉድጓዱ ውስጥ ገብቷል። ያው ሰሌዳ፣ አዲስ ሽቦ። ዑሙልኸይር ከጉድጓዱ አፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ እግራቸው ሥር ከሰል በሳፋ፣ ጨው በላስቲክ።

"አሁን ልጨምር?" አለ ጌዲዮን፣ ላስቲኩን ሊቀበል እጁን ዘርግቶ።

"ተው። እኔ ነኝ የምጨምር" አሉ።

ጨውን በእፍኛቸው እየዘገኑ፣ አንዴ በመዳቡ ላይ፣ አንዴ በዙሪያው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ በተኑት። ከሰሉንም እንደዚሁ። ጌዲዮን ወጣ፣ አፈሩን መለሰ፣ በእግሩ ጠቀጠቀው፣ ከዚያ ግድግዳው ጋ ሄዶ ብሬከሩን አነሣ። የቻርጀሩ ትንሽ መብራት ቀይ ብልጭ አለና አረንጓዴ ሆነ።

አሮጊቷ አረንጓዴዋን አተኩረው ተመለከቱ።

"ይኸው ነው?" አሉ።

"ይኸው ነው እማማ።"

ጨው የነካውን እጃቸውን በቧንቧው ሥር ታጥበው፣ ሬሃኑን ከደጃፉ ራቅ አድርገው ለመትከል ወደ ጓሮ ሄዱ።